ሐጂን ማን ይቀድማል

የሐጂ ልጅ በገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ ቤቴ መጣች። የነጋዴ ልጅ ቅዳሜ ሱቅ አትዘጋም። ስለዚህ በር ላይ ሳያት ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን መፈለግ ጀመርሁ።

«ማንም አልሞተም እማማ፤ ይቀመጡ» አለችኝ። በገዛ ቤቴ ይቀመጡ ተብዬ ተቀመጥሁ። እሷ ግን ቆማ ቀረች። የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች።

«አባቴ አያይም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ትናንት እኮ መኪናቸውን እየነዱ ወደ መስጊድ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። እጄንም አንሥቼላቸው ነበር።»

«መለሰልዎት?»

አልመለሱልኝም ነበር። የጁምዓ ሰዓት ደርሶባቸው ነው ብዬ ነበር ያለፍሁት።

«መስጊዱን መኪናዋ ታውቀዋለች» አለች። «ቤቱንም ታውቀዋለች። ተራራውን ግን አታውቀውም።»

ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። በግራ ዐይናቸው የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። በቀኙ ደግሞ ዳር ዳሩ ጠፍቶ መሐሉ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል። ከፊት ያለውን ያያሉ፤ ከጎን የሚመጣውን ሰው፣ ከብት፣ ገደል አያዩም። መነጽርም መድኃኒትም የሄደውን አይመልስም ተብሏል።

«ወንድሞቼ ተናገሩት፣ አልሰማም። ቁልፉን ደበቅሁበት፤ እህል አልቀምስም ብሎ አስደነገጠኝና መለስሁለት። የሚሰማው እርስዎን ነው። ከመኪና ማኅበሩ የተራራ ጉዞ በፊት ቁልፉን ይቀበሉልኝ።»

«እኔ ማን ነኝና ልጄ?»

«የሚጠሩን እርስዎ ነዎት» አለች።

ይኼስ እውነት ነው። የምጠራው እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት አሮጌ መኪኖች ነበር። ባሌ ቮልስ ነበረው፣ ሐጂ ፔጆ። ሁለቱም መኪኖች በዕድሜ ከልጆቻችን ይበልጣሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ ወንዶች ቤዛዊት ኮረብታ ይወጡና መኪኖቹን ጎን ለጎን ያቆማሉ። ያን የመሰለ ዓባይ ከታች ተዘርግቶ ሳለ እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሞተር ላይ ያጎነብሳሉ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዓባይን ለሦስታችንም አይ ነበር። ቀስ በቀስ ሌሎች መጡ። አንድ ጎማ ሻጭ መጣ። አባቱ ዘጌ መሪጌታ የሆኑ፣ ላንድሮቨር ያለው ሰው መጣ። ከፔዳ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሚስቱ ጋር መጣ። እያለ እያለ መሰብሰቢያችን የሆነው የሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር መኪና ማቆሚያ እስኪጠፋ ድረስ ሞላን።

ባሌ ሲሞት ቮልሷ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ዶሮ ገብታ የኋላ ወንበሩ ላይ ዕንቁላል ትጥል ጀመር። የተዝካሩ ማግስት ሐጂ መጡና በሩን ከፍተው ዶሮዋን አባረሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እቴ፣ እሱ ሞተ እንጂ መኪናዋ አልሞተችም። ልጅሽ ትንዳት። አንቺ ደግሞ ሰው ጥሪ» አሉኝ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት እምቢ ማለት አትችልም። እሺ አልሁ። እንዲህ ሆኜ ነው የመኪና ማኅበር ጠሪ የሆንሁት።

ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም። የማውቀው የጽዋ ማኅበር ነው። ስለዚህ መኪናውንም እንደ ጽዋ ማኅበር አስኬድሁት። በየወሩ ተራ አለ። ተረኛው ይደግሳል፣ የሚኬድበትንም መንገድ እሱ ይመርጣል። ሐዘን የገባበት ሰው ተራው ለሌላ ይተላለፋል። ሲበላ ታላቅ ይመርቃል፤ መንገድ ሲወጣም ታላቅ ይቀድማል፣ ሌላው በየዕድሜው ይከተላል። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልደነገገም። ሌላ አካሄድ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ብቻ እንዲህ ሆነ። ታላቁ ደግሞ ሐጂ ናቸው።

ሰው ጉዞ ሲባል የሚታየው ተራራውና ሜዳው ነው። ለኔ የሚታየኝ ስልኩ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሱቅ ሰሌዳና በመኪና ታርጋ ነው፤ ባሌ እየነዳ «ይቺ ማን ናት?» እያለ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ መምህሩ የከፈተውን ቴሌግራም እንደ ምንም አነበዋለሁ። እዚያ ላይ ሁሉም አውራ ጣቱን ያሳያል። አውራ ጣቱን ያሳየ ሁሉ ግን አይመጣም፤ የሚመጣው እኔ የደወልሁለት ነው። ስደውል ደግሞ ወሬው በመኪና አይጀመርም። የእናቱን ወገብ መጠየቅ አለ፣ የልጁን ፈተና መጠየቅ አለ፣ ባለፈው ለምን ቀረህ ተብሎ መቀየም አለ፣ መታረቅ አለ። ቀን መምረጡ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ዓርብ ለሙስሊሙ አይሆንም። እሑድ ጧት ለክርስቲያኑ ቅዳሴ ነው። ጾም ሲገባ ሥጋ ይወጣል፤ ጾም ሲፈታ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ የየብቻ ድስት ይፈልጋል። ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚበላው ዓሣ ሲሆን ነው። አንድ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ሰዎቹ ሁሉ ባዶ ሆዳቸውን መጡ። ሐይቁ ዳር መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ደንገሉን ሲያዩ ቆይተው፣ ሳይነጋገሩ ወደየቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ይልቅ የደስታ ቀን አልነበረም ብሎ መምህሩ እስከ ዛሬ ያሾፍብኛል።

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። በልጅነቴ በእግሬ ያልዞርሁት ንግሥና ሠርግ የለም፤ አሁንም ከልጆቼ ቤት ወደ ልጆቼ ቤት ስዞር ነው የምከርመው። የትም ብሄድ ስልኩ ይከተለኛል። ስንት ጊዜ ተዉኝ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ጉልበቴ ዝሏል፣ ድምፄም ዝሏል። ግን እኔ ካልደወልሁ ማን ይደውላል እያልሁ እንደገና መነጽሬን አደርጋለሁ።

የሐጂ ልጅ የመጣች ጊዜ ተረኛው ባለ ላንድሮቨሩ ነበር። የመረጠው መንገድ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ያለውን ተራራ ወጥቶ ማክሰኝት የሚያወርደውን ነው። እኅቱ ማክሰኝት ስለምትኖር ምሳውን እሷ ልትደግስ ተስማምታለች። ያኔ መንገዱ ደህና ነበር። አሁን እንዲያ ርቆ መሄድ ቀርቷል፤ ቢበዛ ቤዛዊት ወይ ጢስ ዓባይ ደርሰን ነው የምንመለስ።

እንግዲህ ሐጂ ቤት ሄድሁ። ግቢያቸው ውስጥ ፔጆዋን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። በጨርቅ ሳይሆን በእጃቸው ነበር የሚያጥቧት፤ መዳፋቸውን በረጅሙ እያስኬዱ፣ ጭቃው ያለበትን በጣታቸው እየፈለጉ። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«እቴ! የተራራው ሰው ሁሉ ተጠራ?»

«ተጠርቷል።»

«ማንም አልቀረም?»

«ማንም አልቀረም ሐጂ።»

«ባልሽ እዚያ ተራራ ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ቮልሷን በድንጋይ እንዳቆማት ታስታውሻለሽ? እኔ ሮጬ ድንጋይ ጣልሁለት እኮ!» እያሉ ሳቁ። አስታውሳለሁ። ቮልሷ ውስጥ ነበርሁና።

ቁልፉን ስጡኝ ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «በዚህኛው ጉዞ ከእኛ ጋር ቮልሷ ላይ ቢሆኑስ? እየተጫወትን እንሄዳለን» አልሁ።

«ቮልስ ውስጥ? እዚያ ውስጥ ስገባ ጉልበቴ ጆሮዬን ይነካዋል! ደግሞ እኔ ከልጅሽ ኋላ ተቀምጬ ማን ሊመራችሁ ነው?»

ሻይ ጠጥቼ ተመለስሁ። አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነው የተመለስሁት። ድሮ ሐጂ ባዶ መኪና ነድተው አያውቁም ነበር። መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ በግ የያዘ ገበሬ ሁሉ ይጭናሉ። አሁን ግን አጠገባቸው ሰው ካስቀመጡ ቆይተዋል። ከጎናቸው የሚቀመጥ ሰው ያውቅባቸዋል።

ማታ ለመምህሩ ደወልሁ። ሐጂ ያሉበትን ሁኔታ ነገርሁትና፣ «ልጄ፣ በዚህኛው ጉዞ አንተ ቅደም። ለመንገድ መሪነት ወጣት ይሁን ተባለ በል» አልሁት።

«እኔ? ሐጂን?»

«አዎ።»

«እማማ፣ ሐጂን ማን ይቀድማል? እኔ አልፌያቸው ስሄድ አባቴ ቢሰማ ስሜን ይፍቃል።»

ባለ ላንድሮቨሩን ቅደም ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱም ያንኑ አለ። ጎማ ሻጩ ይባስ ብሎ፣ «በዝግታ እንሂድ፤ እሳቸው በዝግታ ከነዱ ምን ይሆናሉ?» አለኝ። በዝግታ እንሂድ ተባባልን። ቮልሷ ሁለተኛ ሆና ከሥራቸው እንድትከተል፣ ልጄም ዐይኗን እንዳትነቅል ተስማማን። ለሐጂ ልጅ ደግሞ፣ «አጠገባቸው ነን፣ አይዞሽ» ብዬ ደወልሁላት። አጠገባቸው መሆናችን ምን እንደሚያደርግላቸው እሷም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላሰብሁትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ መርቀውን፣ ከፊት ወጡ። የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ታናሿ ልጄ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ አገጯን ወደ መስታወቱ አስጠግታለች። ሐጂ የመንገዱን መሐል ይዘው እንደ ሠርገኛ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ከኋላ ሚኒባሱ ክላክስ ያደርጋል፣ ይሳደባል፣ ያልፈናል። ሃሙሲት ላይ አንዲት ላም ከጎን ወጣች። ላሚቷ ራሷ ናት የቆመችላቸው።

«እማ፣ አላዩአትም እኮ» አለች ልጄ።

«አይቻለሁ።»

«ምን እናድርግ?»

«ንጂ።»

ከሃሙሲት ወዲያ ቢጫ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ከፊታቸው ገባ። ከዚያ በኋላ የሐጂ አነዳድ ተስተካከለ። መስመራቸውን ይዘው፣ ሳይወላወሉ፣ የጭነት መኪናውን ተከትለው መሄድ ጀመሩ። «ተሻላቸው» አለች ልጄ። እኔም ትንሽ ትከሻዬን ለቀቅሁ። ጉማራን አለፍን። ሩዙ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ ውኃ ላይ ተኝቷል። ማየት ይገባኝ ነበር፤ ዐይኔ ግን ከፔጆዋ ጀርባ አልነሣ አለ።

ወረታ መገንጠያ ስንደርስ ቢጫ ሸራው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሐጂ የቀኝ ፍሬቻ አበሩና ታጠፉ።

የእኛ መንገድ ግን ፊት ለፊት ነው። በቀኝ ያለው የደብረ ታቦር ነው።

«እማ! ታጠፉ እኮ! ክላክስ ላድርግ?»

«እንዴት አድርገሽ ነው ለሐጂ ክላክስ የምታደርጊ?»

«ታዲያ ልለፋቸውና ላስቁማቸው?»

«ሰው ሁሉ እያየ?»

ልጄ ፍሬቻዋን አበራችና ታጠፈች። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ላንድሮቨሩ ታጠፈ። ጎማ ሻጩ ታጠፈ። መምህሩ ታጠፈ። እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ሁሉም ፍሬቻውን እያበራ፣ ሁሉም መንገዱን እያወቀ፣ በየዕድሜው ታጠፈ።

ስልኬ ጮኸ። መምህሩ ነው።

«እማማ፣ ፕሮግራሙ ተቀየረ እንዴ?»

«እኔ አላውቅም ልጄ።»

«ምናልባት ሐጂ ሌላ ቦታ አስበው ይሆናል።»

«ምናልባት።»

«እሺ፣ እኛ ከኋላ ነን» ብሎ ዘጋው። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ባለ ላንድሮቨሩም ያንኑ ጠየቀኝ፣ እኔም ያንኑ መለስሁለት። ሦስተኛዋ ደዋይ የማክሰኝቷ እኅቱ ናት።

«እማማ፣ ሽሮውን ልጣደው ወይስ ገና ናችሁ?»

«ገና ነን ልጄ።»

«የት ደረሳችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን» አልኋት። መንገድ ላይማ ነበርን።

ዓለም በርን ካለፍን በኋላ ዳገቱ ጀመረ። ቢጫ ሸራው ጉልበት ነበረውና ጥሎን ሄደ። አንድ ኩርባ ላይ ታየ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሐጂ የሚከተሉት ነገር አጡ። ፔጆዋ መወላወል ጀመረች። አንዴ ወደ ዐለቱ ትጠጋለች፣ አንዴ ወደ ገደሉ። አንደኛው ኩርባ ላይ ዘግይተው አጠፉና የቀኙ የኋላ ጎማ አስፋልቱን ለቆ ጠጠሩ ላይ ወጣ። ጠጠሩ ተንሸራቶ ወደ ታች ሲወርድ ሰማሁት። ልጄ ጮኸች። እኔ መጮኹም አልመጣልኝም። ምን እንዳሰብሁ ልናገር? ለሐጂ ልጅ ደውዬ የምላትን ነበር ያሰብሁት።

ጎማው ተመለሰ። ትንሽ ሄደው፣ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ አገኙና ቆሙ። ሁላችንም ቆምን።

ሐጂ ወረዱና በሩን እንደያዙ ቀሩ። ነፋሱ ጀለቢያቸውን ያራግባል። ከታች የፎገራ ሜዳ እስከ ሐይቁ ድረስ ተዘርግቷል፤ ሐይቁም እሩቅ ሆኖ እንደ ብረት ምጣድ ያብለጨልጫል። መቼም ለሽርሽር የመጣ ሰው ከዚያ የተሻለ ነገር አያይም። ማንም ወደዚያ አልዞረም።

«ያ መኪና የት ሄደ?» አሉ ሐጂ።

«የትኛው ሐጂ?» አለ መምህሩ።

«ባለ ቢጫ ሸራው።»

ያን ጊዜ ገባን። እኛ ሐጂን ስንከተል ሐጂ ቢጫ ሸራውን ሲከተሉ ነበር የመጣነው። ከፊታችን መንገድ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

«ርብን አልተሻገርንም» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «የድልድዩ ድምፅ አልመጣም። ሳልሰማው ያለፍሁት መስሎኝ... የት ነን?»

«ከዓለም በር በላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ላይ ነን።»

«ከየት ነው የሳትነው?»

«ከወረታ መገንጠያ።»

«ከወረታ!» አሉ። ወደየት እንደሚያዩ ሳያውቁ ወደ ሁላችንም ዞሩ። «ሁላችሁም አያችሁ?»

ሁላችንም አይተን ነበር። ሁላችንም መሬት መሬቱን ማየት ያዝን።

«ሐጂ፣ እኛ እኮ ይኼኛው ተራራ ይሻላል ብለው መስሎን...» አለ መምህሩ።

«ብዬ ቢሆን አልነግርህም ነበር? ምላስ የለኝም?»

ጎማ ሻጩ ሊያስቅ ፈልጎ፣ «መቼም ተራራ ስንል ነበር የወጣነው፣ ይኼውና ተራራ» አለ። ማንም አልሳቀም።

«ገደል ብገባስ?» አሉ ሐጂ። «ገደሉ ይሻላል ብለው ነው ብላችሁ ትከተሉኝ ነበር?»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደየመኪናቸው ሸሹ። አንዱ ኮፈን ይከፍታል፣ አንዱ ጎማ በእግሩ ይነካል። ሐጂ እየዳበሱ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

«ባለፈው ቤቴ የመጣሽ ለዚሁ ነው?» አሉኝ።

«ለዚሁ ነበር።»

«ልጄ ላከችሽ?»

«ልጅዎ ላከችኝ።»

ከዚያ፣ «እቴ፣ ቁልፉን ከሰጠሁ በኋላ እኔ ምንድን ነኝ? ጧት ተነሥቼ ወዴት ነው የምሄድ? ልጆቼ ቤት ያስቀምጡኛል። ሱቁን ወስደውልኛል፣ አልከፋኝም። ሒሳቡን ወስደውልኛል፣ አልከፋኝም። ይቺ ናት የቀረችኝ» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደግ ደግ ነገር ይላቸው ይሆናል። እኔ ግን ደክሞኝ ነበርና ያለኝን አወጣሁት።

«ሐጂ፣ ሰው ጥሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ይኼው ስንት ዘመኔን እጠራለሁ። ለምሳ ጠራሁ፣ ለጉዞ ጠራሁ፣ የባሌን ቀብር ሳይቀር በዚሁ ስልክ ነው የጠራሁ። የእርስዎን ግን አልጠራም። ዛሬ ጎማዎ ጠጠሩ ላይ ሲወጣ ለልጅዎ የምላትን ቃል ስፈልግ ነበር። አጣሁት። ደክሞኛል። ለዚህኛው ጥሪ አቅም የለኝም።»

ከታች አንድ ሚኒባስ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣና አለፈን። ሐጂ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጆሯቸውን ሰጡት። ከዚያ እጃቸውን ከጀለቢያቸው ኪስ ከተው ቁልፉን አወጡ። በእጄ አልሰጡኝም፤ በመካከላችን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

«ልጅሽ ትንዳት» አሉ። «ሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ትይዛለች፤ እንዳታስገድዳት በያት። ቁልቁለቱ ላይም ፍሬን ላይ እንዳትተኛ።»

ልጄ ቁልፉን ይዛ ፔጆዋ ዘንድ ስትደርስ ሐጂ እንደለመዱት በሾፌሩ በኩል መጥተው የበሩን እጀታ ይዘው ነበር። ልጄ ቆማ ጠበቀች። ኋላ እሳቸው ራሳቸው አወቁት። እጃቸውን ከመኪናዋ ሳይለቁ፣ ኮፈኑን እየዳሰሱ፣ ዞረው ወደ ቀኙ በር ሄዱ። እጀታው ከውጭ በየት በኩል እንደሆነ አያውቁትም ነበር። በዚያ በኩል ገብተው አያውቁማ። መምህሩ ሮጦ ሊከፍትላቸው ሲል በዐይኔ ከለከልሁት። ፈልገው አገኙት።

ቮልሷን መምህሩ ነዳልኝ፤ የእሱን መኪና ሚስቱ ነዳች። ወደ ታች ስንወርድ ፔጆዋ ከፊት ነበረች፣ እኛም እንደወትሮው ተከተልን። ወረታ ስንደርስ ስልኬ እንደገና ጮኸ። የማክሰኝቷ ሴት ናት፤ ሽሮው ደርቆ፣ እንጀራው ቀዝቅዞ፣ እንግዳ እንዲቀበሉ የጠራቻቸው ጎረቤቶቿ ይጠብቃሉ። እኔ ምን ልበላት? ሻይ ቤት ቆመን ለሐጂ ነገርኋቸው። «ስልኩን ስጭኝ» አሉ። «ልጄ» አሏት፣ «ምሳሽን ጎረቤቶችሽ ይብሉት። መንገድ የሳትሁት እኔ ነኝ፤ ዐይኔ አያይም።» ይኼን ሲሉ ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረ የእኛ ሰው ሁሉ ሰማ። ሴትዮዋ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ሐጂ ግን፣ «አሚን፣ አሚን» እያሉ ስልኩን መለሱልኝ።

ማታ ለሐጂ ልጅ ቁልፉን አደረስሁላት። እጄን ሳመችኝ፣ አለቀሰችም። ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ድካም ብቻ ነው። ሐጂ ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ማነጋገር ተዉ። እኔንም አልተቀየሙኝም፤ ስደውል ግን፣ «ደህና ሁኑ፣ ደህና ግቡ» ብለው ይዘጋሉ። አንድ ተራ አለፈ፣ ሌላም አለፈ፣ አልመጡም። እሷ ደግሞ ሱቋ ስሄድ፣ «ቤት ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚሄደው፣ እማማ። ከሞት አድነነው ምን አደረግነው?» ትለኛለች። እኔም በየወሩ እደውላለሁ። አይመጡም ብዬ ግን ተራቸውን ለሌላ አላስተላለፍሁባቸውም።

እሳቸው በቀሩባቸው ወራት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ዋርካው ሥር እንሰበሰባለን፣ ይመረቃል፣ ሞተር ይነሣል። ከዚያ ማንም አይንቀሳቀስም። ፊቱ ባዶ ነው። «አንተ ቅደም።» «ኧረ በጭራሽ፣ አንተ እያለህ?» «እኔ ካንተ በፊት? ነውር ነው!» እያሉ ከመኪናቸው እየወረዱ ይገፋፋሉ። ቤንዚን ይቃጠላል፣ ፀሐይ ይወጣል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲገፋፉ ቆይተው ሳይሄዱ ቀሩ። ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተው ተበተኑ። እኔ ከዚህ በኋላ አልደውልም ብዬ ማልሁ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው።

«እቴ፣ ፊት የሚወጣ ሰው ጠፋ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ይኼ ሁሉ ጎረምሳ ሳለ?»

«ይኼ ሁሉ ጎረምሳ ሳለ።»

«የሚቀጥለው ተራ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው ሐጂ» አልሁ።

ተራቸው ሲደርስ ልጃቸው በባጃጅ አምጥታ አወረደቻቸው። ጢስ ዓባይ መንገድ ነው የመረጡት፤ አጭር ነው፣ ዳገቱም ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ተቀበላቸው። ከፊት ወንበር ልነሣላቸው ስል እንቢ አሉኝ፤ የቮልሷ ኋላ ገቡ። ጉልበታቸው እውነትም አገጫቸው አጠገብ ደረሰ። እንደወትሮው ሞተር ተነሣ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። መምህሩ ወደ ጎማ ሻጩ ያመለክታል፣ ጎማ ሻጩ ወደ ላንድሮቨሩ።

«ምን ይጠብቃሉ?» አሉ ሐጂ ከኋላችን።

«የሚቀድማቸውን» አለች ልጄ።

«እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ አይደለም? ታዲያ ንጂ!»

ልጄ አየችኝ። ንጂ አልኋት። ከዋርካው ሥር ወጣን፣ ሌሎቹም እፎይ ብለው በየተራቸው ተከተሉን። ሐጂ አንዴም ዝም አላሉም። ማርሽ ዘገየሽ ይላሉ፣ ፍሪሲዮን ላይ እግርሽን አሳርፈሻል ይላሉ፣ አባትሽ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ልጄ ጥርሷን ነክሳ እሺ እሺ ትላለች። እኔ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ልተኛ ስል ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«እቴ፣ ለምን ቀስ አለች? ፊት ለፊት ምንድን ነው ያለው?»

ሰው ጠይቀው አያውቁም ነበርና ተነሥቼ አየሁላቸው።

«የአህያ ጋሪ ነው ሐጂ። ሸንኮራ ጭኗል።»

«ነጂው ሽማግሌ ነው?»

«አዎ፣ ሽማግሌ ናቸው።»

ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው ክላክስ አድርጊላቸውና እለፊያቸው» አሉ።